ደጋግሞ የጨነገፈ ሁሉ ሾተላይ አይደለም

አንዲት ሴት ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጨነግፍባት ሰፈሩ ምክንያት አያጣም። አንዱ «ሾተላይ ነው» ይላል። ሌላው «ከባድ ዕቃ አንስታ ነው» ይላል። እሷ ደግሞ ሌሊቱን ራሷን ስትወቅስ ታድራለች። ምን በላሁ? የት ሄድኩ? ይሄ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። ከእነዚህ ሴቶች የአንዳንዶቹ ምክንያት በደም ምርመራ ይገኛል። ሲገኝም ሕክምና አለው።

የማወራው አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም ስለሚባለው ሕመም ነው። ሐኪሞች ባጭሩ ኤፒኤስ ይሉታል። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ አካሉን ሲያጠቃ ከሚመጡት ሕመሞች አንዱ ነው። ግርሃም ሂዩዝ የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1983 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለንደን ውስጥ ገለጹት። ብቻውን ይመጣል፤ ሉፐስ የሚባለው ሌላው የሰውነት መከላከያ ሕመም ያለባቸው ሴቶች ላይም በብዛት ይታያል። ሕመሙ ያለባት ሴት ደም በቀላሉ ይረጋል፤ የእንግዴ ልጁም በደንብ ሳያድግ ይቀራል። ፅንሱ የሚጎዳው በዚህ ነው።

በዙሪያው የሚወሩ ስህተቶችን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ደጋግሞ ከጨነገፈ ሾተላይ ነው»

ዛሬ ሾተላይ የምንለው የእናት ደም ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ደግሞ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣውን ችግር ነው። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ይወለዳል። በወሊድ ጊዜ ደም ለደም ሲነካካ የእናትየው ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል ያዘጋጃል። ቀጣዩን ፅንስ የሚያጠቃው ይሄ ነው፤ ያውም እርግዝናው ከገፋ በኋላ። ፅንሱ ደም ያንሰዋል፣ ያብጣል፣ ወይም ተወልዶ ቢጫ ይሆናል። መከላከያ መርፌው በእርግዝና ወቅት በ28ኛው ሳምንት አካባቢ፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል።

እንግዲህ ደሟ ኦ ፖዘቲቭ የሆነች ሴት በስምንተኛው ሳምንት ሦስት ጊዜ ከጨነገፈባት ምኑ ነው ሾተላይ? ስሙ ከተሰጣት በኋላ ሌላ ምርመራ ሳታደርግ ዓመታት ያልፋሉ። የሚከፋኝ ይሄ ነው። ዕቃ ማንሳቱንም ተዉት። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚያጋጥም የመጀመሪያ ወራት መጨንገፍ ትልቁ ምክንያት የፅንሱ ክሮሞዞም ሲጀመር መዛባቱ ነው። ማንም ጥፋት የለበትም።

«የቂጥኝ ምርመራዋ ፖዘቲቭ ከሆነ አንዳቸው ወስልተዋል»

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ትዳር የሚያናጋ ስህተት ነውና። በእርግዝና ክትትል ላይ የሚሠሩት ቪዲአርኤል እና አርፒአር የሚባሉት ምርመራዎች ጀርሙን ራሱን አይፈልጉም። የሚፈልጉት ካርዲዮሊፒን ለሚባል የስብ ዓይነት የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ካርዲዮሊፒን በመጀመሪያ የተገኘው ከበሬ ልብ ነው። የኤፒኤስ ታማሚ ሰውነትም ለዚሁ ስብ ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል። ስለዚህ ቂጥኝ በአጠገቧ ሳያልፍ ውጤቷ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ጀርሙን ለይቶ የሚያይ እንደ ቲፒኤችኤ ያለ ማረጋገጫ መሥራት ነው። የመጀመሪያው ፖዘቲቭ፣ ማረጋገጫው ኔጌቲቭ ከሆነና ሴትየዋ ፅንስ ደጋግማ ካጣች ነገሩ ትልቅ ፍንጭ ነው። ለሐኪሙ መነገር አለበት። ግን አደራ፣ «ውሸት ነው» ብሎ ወረቀቱን መጣል አይገባም። ያልታከመ ቂጥኝ ራሱ ፅንስ ይገድላል። ማረጋገጫ ምርመራው የማይሠራበት ቦታ ከሆንሽና ሐኪሙ ፔኒሲሊን ካዘዘ መርፌውን ውሰጂ። ከባልሽ ጋር ጠብ ግን አትጀምሪ።

«ሉፐስ አንቲኮአጉላንት ከተገኘብኝ ሉፐስ አለብኝ፣ ደሜም አይረጋም»

ይህ ኤፒኤስን ለማወቅ ከሚፈለጉት ፀረ እንግዳ አካላት አንዱ ነው፤ ስሙ ግን ሁለቴ ያሳስታል። ከተገኘባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሉፐስ የለባቸውም። የደም መርጋትን የሚያዘገየውም በላብራቶሪ ቱቦ ውስጥ ብቻ ነው። ሰውነት ውስጥ ሥራው የተገላቢጦሽ ነው፤ ደም ያረጋል።

ለኤፒኤስ የሚሠሩት የደም ምርመራዎች ሦስት ናቸው፦ ሉፐስ አንቲኮአጉላንት፣ አንቲካርዲዮሊፒን እና አንቲ ቤታ 2 ግላይኮፕሮቲን 1። ለእርግዝና ከባዱ የመጀመሪያው ነው። በ2012 የወጣ ፕሮሚስ የተባለ የአሜሪካ ጥናት እነዚህ ፀረ እንግዳ አካላት ያሉባቸውን ነፍሰ ጡሮች ተከታትሏል። ሉፐስ አንቲኮአጉላንት ከነበረባቸው 39 በመቶው ከ12ኛው ሳምንት በኋላ ከባድ ችግር ገጠማቸው። ካልነበረባቸው 3 በመቶው ብቻ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጡትን ሄፓሪን ወይም ዋርፋሪን የምትወስጂ ከሆነ ለምርመራ ደም ከመስጠትሽ በፊት ተናገሪ፤ ይህን ምርመራ ያዛባሉ።

«አንድ ጊዜ ፖዘቲቭ ከወጣ በቃ፣ ተረጋገጠ»

አልተረጋገጠም። ኢንፌክሽን እነዚህን ፀረ እንግዳ አካላት ለጊዜው ሊያመጣቸው ይችላል፤ ከዚያ ይጠፋሉ። ስለዚህ ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ ምርመራው ይደገማል። ውጤቱም ብቻውን አይበቃም። ሐኪሙ ታሪክሽን ይጠይቃል፦ ከ10ኛው ሳምንት በፊት ተከታትሎ ሦስት ጊዜ መጨንገፍ፣ ከዚያ በኋላ ጤናማ መልክ ያለው ፅንስ መሞት፣ ወይም በከባድ የእርግዝና ደም ግፊት ምክንያት ከ34ኛው ሳምንት በፊት መውለድ። ስንተኛው ሳምንት ላይ እንደጨነገፈ ጻፊና ያዢ። የአልትራሳውንድ ወረቀቱንም አትጣይ።

«ኤኤንኤ ፖዘቲቭ ነው፣ ልጄን የሚያስወርደኝ እሱ ነው»

ኤኤንኤ ሰውነት ለገዛ ሴሎቹ የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ብዙ ጤነኛ ሰዎች ላይም ይገኛል። ብቻውን ሕክምና አያሻውም።

«ኤፒኤስ ያለባት ሴት ልጅ አትታቀፍም»

ትታቀፋለች! በ1997 እንግሊዝ ውስጥ በ90 ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት ነበር። አስፕሪን ብቻ ከወሰዱት 42 በመቶው በሕይወት ያለ ልጅ ወለዱ። አስፕሪንና ሄፓሪን አንድ ላይ ከወሰዱት 71 በመቶው። ሄፓሪን የእንግዴ ልጁን አያልፍም፤ ፅንሱ ጋ አይደርስም። ዋርፋሪን ግን ያልፋል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱን ይጎዳል። ዋርፋሪን የምትወስድ ሴት ማርገዝ ስታስብ አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር።

ሉፐስም ካለብሽ ሕመሙ ቢያንስ ለስድስት ወር ከተረጋጋ በኋላ ማርገዙ ይመረጣል። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለውን የሉፐስ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነም «ለልጁ ብዬ» ብለሽ በራስሽ አታቋርጪ። በእርግዝና ጊዜ እንዲቀጥል ነው የሚመከረው። ጎረቤት ስለተጠቀመችበት ብቻ አስፕሪን መጀመርም አይሆንም።

«ከወለድኩ በኋላ ጣጣው አለቀ»

ደም የመርጋት ስጋቱ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከፍ ያለ ነው። ሄፓሪኑ ብዙ ጊዜ እስከ 6 ሳምንት የሚቀጥለው ለዚህ ነው፤ ጡት ማጥባትንም አይከለክልም። አንድ እግር ብቻ ቢያብጥና ቢያም ወይም ትንፋሽ ቢያጥር በቶሎ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ወሊድ መቆጣጠሪያ ስትመርጪም ኤፒኤስ እንዳለብሽ ተናገሪ። ኤስትሮጅን ያለባቸው እንክብሎች ደም ያረጋሉ፤ ለአንቺ አይሆኑም። ኤስትሮጅን የሌላቸው እንክብሎችና ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ አሉ።