ከዋትስአፕ እስከ ክሊኒክ በር፦ የሂስፓኒክ ሴቶች የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ

በአሜሪካ የማህፀን በር ካንሰር ከነጭ ሴቶች ይልቅ ሂስፓኒክ ሴቶችን (የዘር ሐረጋቸው ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የሚመዘዝ) በብዛት ያጠቃል። የሚያስቆጨው ይህ ካንሰር ቀድመው ሊደርሱበት የሚችል መሆኑ ነው። መነሻው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ኤች ፒ ቪ የተባለው ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ጤናማውን ሴል ወደ ካንሰር እስኪቀይር ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል። ምርመራ ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው። በአሜሪካ የተለመደው አሠራር ከ21 እስከ 29 ዓመት በየ3 ዓመቱ ፓፕ ስሚር (ከማህፀን በር ሴሎች ተወስደው የሚታዩበት ምርመራ)፣ ከ30 እስከ 65 ደግሞ በየ3 ዓመቱ ፓፕ ወይም በየ5 ዓመቱ የኤች ፒ ቪ ምርመራ ነው።

ታዲያ ለምን አይመረመሩም? አንዷ ኢንሹራንስ የላትም። ሌላዋ ከሥራ ከቀረች የቀኗ ሂሳብ ይቆረጣል። ወረቀት የሌላት ስሟን መዝገብ ላይ ማስፈር ያስፈራታል። እፍረቱም አለ፣ በተለይ ሐኪሙ ወንድ ከሆነ። «ምን ሆንኩና?» የምትለዋም ብዙ ናት፤ በሽታው ሲጀምር ምንም አያሳምምማ።

እንዲህ ላለው ችግር በሂስፓኒክ ሰፈሮች የቆየ መላ አለ፤ ፕሮሞቶራ ይሉታል። ፕሮሞቶራ ከዚያው ሰፈር የወጣች፣ ቋንቋውን የምትናገር የጤና አስተማሪ ናት። የኛን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ታስታውሰናለች። ከሁሉ የታወቀው ፕሮግራም «አሚጋስ» ነው፤ በስፓኒሽ የሴት ጓደኞች ማለት ነው። በኤል ፓሶ፣ በሂውስተንና በዋሽንግተን ግዛት ያኪማ ሸለቆ የተሞከረ ሲሆን፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ተሳታፊዎቹ ምርመራ ካደረጉ 3 ዓመት ያለፋቸው የሜክሲኮ ተወላጆች ነበሩ። ትምህርቱን በሙሉ ካገኙት 52 በመቶው፣ ካላገኙት ደግሞ 25 በመቶው ተመርምረናል ብለዋል።

አሚጋስ ፊት ለፊት ነበር። ዛሬ ብዙው ወሬ የሚያልፈው በስልክ ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2023 ባደረገው ጥናት ከሂስፓኒክ ጎልማሶች ከግማሽ በላይ ዋትስአፕ ይጠቀማሉ። ግን ስሙ ያልታወቀ መሥሪያ ቤት የላከውን ፖስተር ማንም ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። የምትታወቅ ፕሮሞቶራ በራሷ ድምፅ የላከችው አጭር መልዕክት ግን ይደመጣል። ግሩፑ ውስጥ ዝም ያለችው ሴት ማታ ልጆቿ ከተኙ በኋላ በውስጥ መስመር «ያማል እንዴ?» ብላ ትጠይቃለች። በኔ እይታ ዋናው ሥራ የሚሠራው እዚያ ነው እንጂ በ«ላይክ» ብዛት አይደለም።

ከዚያ ቀጥሎ የሚጠየቀው ገንዘብ ነው። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸውና ኢንሹራንስ ለሌላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረ የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ የፌዴራል ፕሮግራም አለ። አገልግሎቱ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ነው። ብዙዎች ግን መኖሩንም አያውቁም።

በቅርቡ አንድ የሚያቀል ነገር መጥቷል። በግንቦት 2024 ሴቲቱ ክሊኒክ ውስጥ ለኤች ፒ ቪ ምርመራ የሚሆነውን ናሙና ራሷ እንድትወስድ ተፈቀደ። በ2025 ደግሞ ቤት ውስጥ የሚሠራበት መሣሪያ ፈቃድ አገኘ። ለምታፍር ሴት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ውጤቱ ቫይረሱን ካሳየ ግን ሐኪም ቤት መሄድ የግድ ነው። ስለዚህ ፕሮሞቶራዋ ከመልዕክቷ ሥር የክሊኒኩን አድራሻ፣ ስፓኒሽ የሚናገር ሰው የሚገኝበትን ቀንና የአውቶቡሱን ቁጥር ትጨምራለች።