«ኬሚካል የሌለበት ወተት» ፍለጋ

ደሴ ውስጥ ነርስ ነኝ። ብዙ ዓመት የሠራሁት ሕፃናት ክፍል ነው። ስለዚህ ከጅዳ፣ ከሪያድ፣ ከቤይሩት ልጅ የሚያሳድጉ ዘመዶቼ ሁሉ ለእኔ ነው የሚደውሉት። ጭንቀታቸው ይገባኛል። በሰው አገር ልጅ ይዞ፣ የማያውቁትን የታሸገ ነገር መመገብ ያስፈራል። የሚያናድደኝ ግን የማያስፈራውን ፈርተው፣ የሚያስፈራውን በገዛ እጃቸው ለልጃቸው ማቅረባቸው ነው።

ከሁሉ የሰለቸኝ የወተቱ ነገር ነው። «የካርቶን ወተት ስድስት ወር አይበላሽም። ኬሚካል ባይኖረው እንዴት ይቆያል?» ይሉኛል። ስንቴ እንደመለስኩ አላስታውስም። ወተቱ ለጥቂት ሴኮንድ 135 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ይሞቃል። ከዚያ ከጀርም በጸዳ ካርቶን ይታሸጋል። የሚያበላሸው ተህዋስ ውስጡ ስለሌለ ይቆያል። በቃ፣ ሙቀት ነው። ካርቶኑ ከተከፈተ በኋላማ ፍሪጅ ካልገባ እንደማንኛውም ወተት ይበላሻል። ፍሪጅ ውስጥ የሚሸጠው፣ ቀኑ ቶሎ የሚያልፍበት ወተት ደግሞ ብዙውን ጊዜ 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሴኮንድ የሞቀ ነው።

ታናሽ እህቴ ጅዳ ናት። ያደግነው ባቲ ነው፤ ሰኞ ገበያ ሲቆም አፋሮች የሚያመጡትን የግመል ወተት እየጠጣን። እሷም ካርቶኑን ጠልታ፣ ዓርብ ዓርብ ከከተማ ወጣ እያለች መንገድ ዳር ከሚያልቡ እረኞች የግመል ወተት ትገዛ ነበር። ሳታፈላ፣ ለአምስት ዓመት ልጇ።

አንድ ማታ ደወለች። «እታለም፣ ልጁን ማታ ማታ ያተኩሰዋል። ላብ ያጠምቀዋል። ጠዋት ደህና ይሆናል። አሁን ደግሞ ጉልበቴን ብሎ ያነክሳል።» ሦስት ሳምንት ሆኖታል። አብሽሪ አልኳትና ምን እንደሚጠጣ ጠየቅኳት። «ግመሏ አጠገብ ቆሜ፣ ስትታለብ አይቼ ነው የምገዛው እኮ!» አለች። በማግስቱ ሆስፒታል ወሰደችው። የደም ምርመራው ብሩሴሎሲስ አለ፤ ካልፈላ ወተት ወደ ሰው የሚተላለፍ የከብት በሽታ ነው፣ እዚያ የማልታ ትኩሳት ይሉታል። ሁለት ዓይነት መድኃኒት፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳይዘለል። አሁን ድኗል፣ አልሐምዱሊላህ።

ስትታለብ ማየት ምንም አያረጋግጥም። ብሩሴላ፣ ማለትም ይህን በሽታ የሚያመጣው ተህዋስ፣ ያለባት ግመል ወይም ላም ጤነኛ ልትመስል ትችላለች። ወተቷም አይሸትም፣ ጣዕሙም አይለወጥም። በዚያ ላይ መርስ የሚባለው የመተንፈሻ በሽታ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በፈረንጆቹ 2012፣ እዚያው ጅዳ ሆስፒታል በተኛ ሕመምተኛ ላይ ነው። ግመሎች ወደ ሰው ያስተላልፉታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያልፈላ የግመል ወተት አትጠጡ ሲል ይህንንም አስቦ ነው።

«እኛ ጠጥተን አድገን የለ?» ይህን የሚሉት ያደጉት ናቸው። በልጅነታችን ልጅ ሲያተኩሰው «ምች መታው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሽ ነበር። ምን ጠጥቶ ነበር ብሎ የጠየቀ የለም። ስንቱ በወተት እንደታመመ ማን ቆጠረው?

«ሲፈላ ጥቅሙ ይጠፋል።» ካልሲየሙም ፕሮቲኑም አይጠፋም። ጥቂት ቫይታሚን ይቀንሳል፤ እሱን ልጁ ከሌላ ምግብ ያገኘዋል።

«ዕቃው በወይራ ታጥኗል።» የወይራ ጢስ እኔም እወዳለሁ። ማፍላትን ግን አይተካም።

ማር ደግሞ አለ። አያቶች በሰው እጅ ይልካሉ፣ ሕፃኑ ሲያስል ያልሱታል። አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር በጭራሽ! ምንም ንጹሕ ቢሆን ቦቱሊዝም የሚያመጣው ተህዋስ ሊኖርበት ይችላል። ትልቅ ሰው ሆድ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አያድግም። ጨቅላ አንጀት ውስጥ ግን አድጎ መርዝ ያወጣል። ቤት ውስጥ ማፍላትም አይገድለውም። ማር የቀመሰ ሕፃን ሆዱ ከደረቀ፣ ለቅሶው ከደከመ፣ ጡት መሳብ ወይም ዓይኑን መግለጥ ካቃተው ነገ አትበሉ። ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂዱ። አራስ ልጅ ቅቤ ማዋጥም ይቅር፤ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል።

ሎሚና ሚጥሚጣ ጥሬ ሥጋ አያበስሉም፤ የኮሶ ትሉም አይሞትባቸውም። የሻገተ እንጀራ ዳሩ ተቆርጦ አይበላም፤ ሻጋታው ከሚታየው በላይ ሰርጎ ይገባል። ምድጃ ላይ ያደረ ከብሳን (የዓረቦቹን የሩዝ ምግብ) «ደግሜ አሙቄዋለሁ» ማለትም አያድንም፤ ሩዙ ሲያድር የሚፈጠረው መርዝ በማሞቅ አይጠፋም። ከበሰለ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ይግባ።

ለክረምት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወሎ ስትመጡ ከአያቶች ጋር አትጣሉ። ወተት አትስጧቸው ብትሉ ይከፋቸዋል። «ይፍላላቸው» በሉና ድስቱን ራሳችሁ ጣዱ። ወተት ሳይፈላም ያረፋል፣ ስለዚህ አረፋ አይታችሁ አታውርዱ። እሳቱን ቀንሳችሁ፣ እያማሰላችሁ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይንተክተክ። የፈላውን ደግሞ ያልፈላው ወተት ወደነበረበት ዕቃ መልሳችሁ አትገልብጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔ ራሴ የእናቴን እጅ ይዤ አስቁሜያለሁ። ያን ቀን ተቆጥታኝ ነበር። የልጅ ልጇ መድኃኒት ሲውጥ በስልክ ካየች ወዲህ ግን ድስቱን ቀድማ የምትጥደው እሷ ናት።