በድንጋይ ንጣፍ ላይ በማኅተም ማተም

በድንጋይ ንጣፍ ላይ ማተም ለወለል ወይም ለግድግዳ የተቆረጠን ትንሽ ድንጋይ በጎማ ማኅተምና በቀለም አስጊጦ ለስጦታ የማብቃት የእጅ ሥራ ነው። በብዛት የሚመረጠው ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ንጣፍ ሲሆን፣ ለኩባያ ማስቀመጫነት ልኩ ይኸው ነው። አራት አራቱ በጥብጣብ ታስረው ይሰጣሉ። ሰፋ ያለው ደግሞ በትንሽ ማቆሚያ ላይ ተደግፎ ለጌጥ ይቀመጣል።

ለዚህ ሥራ ከድንጋይ ሁሉ የሚልቀው ትራቨርቲን ነው። እብነ በረድን የሚመርጡ አሉ፤ በደንብ የተወለወለ እብነ በረድ ግን ቀለም አይቀበልም፣ ማኅተሙም ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ትራቨርቲን ምንጮች፣ በተለይም ፍል ውሃዎች፣ እያዘቀጡ የሚተዉት የኖራ ድንጋይ ነው። ስሙ የተገኘው በሮም አቅራቢያ ካለችው ቲቮሊ የጥንት መጠሪያ ሲሆን፣ የኮሎሲየም የውጭ ግንብም የተሠራው በዚሁ ድንጋይ ነው። ገላው በቀዳዳ የተሞላ፣ መልኩ ከነጣ ክሬም እስከ ቡናማ የሚደርስ ነው። አንዳንዱ ንጣፍ በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ከውሃና ከአሸዋ ጋር ስለሚንከባለል ጠርዙ ይዶለዱማል፤ ዘመን የጠገበ የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሥራው የዘር ሐረግ ረጅም ነው። በጥንታዊት ሜሶፖታሚያ ማኅተሙ ራሱ ድንጋይ ነበር፤ የተቀረጸው ድንጋይ በእርጥብ ሸክላ ላይ እየተንከባለለ ምስሉን ይተው ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ ድንጋዩ ታታሚ ሆኗል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ወለል ንጣፎች ገና እርጥብ ሸክላ ሳሉ በእንጨት ማኅተም ይጫኑና ጎድጓዳው በነጭ ጭቃ ይሞላ ነበር።

ከሁሉ በተሻለ የተመዘገበው የሊቨርፑሉ ታሪክ ነው። ጆን ሳድለርና ጋይ ግሪን እ.ኤ.አ. ጁላይ 27 ቀን 1756 ያለ ማንም እገዛ በ6 ሰዓት ውስጥ ከ1,200 በላይ የሸክላ ንጣፎችን በልዩ ልዩ ንድፍ ማተማቸውን በመሐላ አረጋግጠዋል። በመሐላው ቃል መሠረት፣ 100 የሠለጠኑ ሠዓሊዎች በዚያው ጊዜ ሊሠሩ ከሚችሉት በቁጥር የበለጠ፣ በጥራትም የተሻለ ነበር። ሲሰላ ለአንዱ ንጣፍ 18 ሰከንድ ብቻ ይደርሰዋል። በሸክላ ሥራው ዓለም የሚታወቁ ሁለት ምስክሮችም ቃላቸውን ሰጥተዋል። ሳድለርና ግሪን መጀመሪያ የተጠቀሙት በእንጨት ቅርጽ ሲሆን፣ በኋላ ወደ መዳብ ሰሌዳ ተሻገሩ፤ ምስሉን በወረቀት ላይ ያነሱና ከወረቀቱ ወደ ንጣፉ ያዛውሩት ነበር። ምንም እንኳ ንጣፋቸው ድንጋይ ሳይሆን ሸክላ ቢሆንም፣ በንጣፍ ላይ የሚያትም ሁሉ ከእነርሱ ቢቆጠር አያፍርም።

የጎማ ማኅተም የመጣው ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ ማጠንከርን እ.ኤ.አ. በ1839 ካገኘ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ማኅተም ማን ሠራው የሚለው አከራካሪ ነው፤ በ1860ዎቹ የኖሩት ጀምስ ውድረፍና ዊዘረል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ስማቸው ይነሳል፣ ሚዛኑም ወደ ውድረፍ ሳያደላ አልቀረም። በድንጋይ ንጣፍ ላይ ለስጦታ ማተም የተስፋፋው ግን በቅርብ አሥርተ ዓመታት ነው።

በሥራው ብዙዎች የሚሳሳቱት በቀለም ምርጫ ነው። ለወረቀት የተሠራን በውሃ የሚሟሟ ቀለም ድንጋዩ ይጠጣዋል፤ መስመሩ ይፈዛል፣ እርጥብ ጨርቅ ሲነካውም ይለቃል። የሚያዛልቀው በኬሚካል ማሟሟያ የተዘጋጀውና ጠጣር ነገር ላይ በደቂቃዎች የሚደርቀው ቀለም ነው። ለመደቡ በአልኮል የተበጠበጠ ቀለም በወፍራም ጨርቅ ጠብ ጠብ ተደርጎ ይነካካል፤ ጠብታዎቹ እርስ በርሳቸው እየተገፋፉ ማንም ያላቀደውን ደመና ይሠራሉ። ሽታው ከባድ ስለሆነ መስኮት መክፈት ግድ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ድንጋዩ ከአቧራ ይታጠባል። ላዩ ደረቅ መስሎ ውስጡ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ማሳደሩ ይመረጣል። ትልቅ ማኅተም ከሆነ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ከሥሩ ስፖንጅ መሰል ነገር ማንጠፍ፣ ከዚያም ንጣፉን ገልብጦ በላዩ ማሳረፍ የተፈተነ ዘዴ ነው። ስፖንጁ ጎማውን ወደ ድንጋዩ ጎድጓዳ ይገፋዋል። ሲጫን ማወዛወዝ፣ ሲነሳም ወደ ጎን መጎተት ምስሉን ያበላሻል። የቅጠል ማኅተም ቀዳዳ ላይ ሲያርፍ ጅማቱ እዚያ ጋ ይቋረጥና ከማዶ ይቀጥላል። ይህን እንደ ጉድለት ቆጥረው በብዕር የሚሞሉ አሉ፤ የተሞላው ግን ወረቀት ይመስላል እንጂ ድንጋይ አይመስልም።

መጨረሻ የሚመጣው ቫርኒሽ ነው። በብሩሽ ሲቀባ የአልኮል ቀለሙን እየጎተተ ስለሚያጨማልቀው፣ የሚረጨውን በስሱ፣ ደጋግሞ፣ በየመካከሉ እያደረቁ መርጨት ይሻላል። የተለመደው አክሪሊክ ቫርኒሽ በሙቀት ይለሰልሳል፤ የሚፋጅ ኩባያ ሊጣበቅበት ይችላል፣ ትኩስ ድስትማ ጨርሶ አይቀመጥበትም። ምግብም በቀጥታ አይቀርብበትም። ቫርኒሹ የሳሳበት ቦታ ላይ የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ ከፈሰሰ አሲዱ የኖራ ድንጋዩን በልቶ የማይለቅ ደብዛዛ ነጥብ ይተዋል።

ጠረጴዛ እንዳይቧጭር በአራቱ ማዕዘን ቁራጭ ቡሽ ይለጠፋል። ጀርባው ግን ብዙ ጊዜ ቫርኒሽ አይነካውም፤ ስለዚህ የተሠራው ንጣፍ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ ውሃ ውስጥ አይዘፈዘፍም፣ ውሃው በጀርባ ገብቶ ቫርኒሹን ከሥሩ ያነሳዋልና።