«ሰሪድ ከምግብ ሁሉ እንደሚበልጥ»

«ዓኢሻ ከሌሎች ሴቶች ያላት ብልጫ፣ ሰሪድ ከሌሎች ምግቦች እንዳለው ብልጫ ነው።» ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ባለቤታቸው ስለ ዓኢሻ ያደረጉትን ይህን ንግግር፣ የነቢዩን ንግግሮች ያሰባሰቡት ሊቃውንት ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። ሰሪድ ዳቦ ተቆራርሶ መረቅ ይፈስበትና ሥጋው ከላይ ይደረደርበታል። እኛ ብናየው ፍትፍት ነው የምንለው። ኤምሬቶች ቤት የሠራች እህት በረመዳን ስለምታቀርበው «ፈሪድ» ካወራችላችሁ፣ እሱው ነው።

ለምን በምግብ ተመሰለ? ሊቃውንቱ ሲያብራሩ ሥጋውንም ዳቦውንም ባንድ ይዟል፣ ያጠግባል፣ ለማኘክ አያስቸግርም ይላሉ። የኛው «ከፍትፍቱ ፊቱ» ፍትፍትን ዝቅ ያደረገ ይመስላል እንጂ፣ እሱም የሚነሣው ከፍትፍት የሚበልጥ ማዕድ የለም ከሚል ነው።

ሰሪድ ከንግግሩ በፊትም ስመ ጥር ነበር። የነቢዩ ቅድመ አያት ስሙ ዐምር ነበር ይባላል። መካን ድርቅ በመታት ጊዜ ዳቦ እየፈረፈረ በመረቅ ሕዝቡን አበላ። «ሀሸመ» በዐረብኛ ሰባበረ፣ ፈረፈረ ነውና ሃሺም አሉት። የነቢዩ ጎሣ፣ በኒ ሃሺም፣ ስማቸውን ያገኙት ከፍትፍት ነው ብል አልዋሸሁም።

ቅዳሜ ዕለት እኔም ሞከርሁት። አካሄዱን የወሰድሁት አልባግዳዲ እ.ኤ.አ. በ1226 ከጻፈው የምግብ መጽሐፍ ነው። የበግ ላት አቀለጥሁ፣ የቀረውን ድቃቂ አውጥቼ ሥጋውን በቅባቱ ጠበስ አደረግሁት። ውሃ ጨምሬ አረፋውን ገፈፍሁ። ከዚያ ሽንኩርት፣ ተዘፍዝፎ ያደረ ሽምብራ፣ ድንብላል፣ ቀረፋ፣ ቁንዶ በርበሬ። እጄ ሁለት ጊዜ ወደ በርበሬው ዕቃ ሄዶ ተመለሰ። በርበሬም ቲማቲምም ከአሜሪካ የወጡት ከ1492 በኋላ ስለሆነ የባግዳድ ወጥ ቤት አያውቃቸውም። መጽሐፉ ደጋግሞ የሚያዘው አንድ ነገር ደስ አለኝ፦ የድስቱን ጠርዝ በንጹሕ ጨርቅ ጥረግ፣ ከዚያ በረመጥ ላይ ሰዓት ያህል ይረፍ።

የተበላሸው መጨረሻ ላይ ነው። የፈላውን መረቅ ትኩስ ቂጣ ላይ ባንዴ ገለበጥሁት፤ ገንፎ ሆነ። ለሁለተኛው ሳህን ያደረ ቂጣ ቆራርሼ በጭልፋ በጭልፋ አጠጣሁት። ሥሩ ራሰ፣ ዳርዳሩ ግን ለጥርስ የሚሆን ቀረለት። ሥጋውን እዚያ ላይ ደረደርሁ። ከበው የተቀመጡት መጀመሪያ የጨረሱት ቂጣውን ነው፤ ሥጋው ቆይቶ ነው የታወሳቸው።