ኤክሞ ላይ ላለ ታካሚ ኦክስጅን እንዴት ይደርሳል?

ኤክሞ ሳንባ ወይም ልብ ሲደክም ለጊዜው ሥራቸውን የሚተካ ማሽን ነው። ደሙ ከትልቅ ደም መላሽ ስር በወፍራም ቱቦ ይወጣል። ፓምፕ ወደ ሰው ሠራሽ ሳንባ ይገፋዋል። እዚያ ኦክስጅን ተቀብሎ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አራግፎ ወደ ሰውነት ይመለሳል። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ሮበርት ባርትሌት በ1975 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዲት አራስ ሕፃን በዚህ ዘዴ አትርፈዋል። ማሽኑ በሽታውን አያድንም፤ ሕክምናው እስኪሠራ ድረስ ታካሚውን ያቆያል።

ጤነኛ ጎልማሳ ዕረፍት ላይ ሆኖ በደቂቃ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይጠቀማል። ደሙ የሚያደርሰው ግን ወደ 1000 ይጠጋል። ትርፉ መጠባበቂያ ነው። የሚደርሰው ከሚፈለገው እጥፍ በታች ሲወርድ አደጋ ይመጣል። ሴሎች ያለ ኦክስጅን ኃይል ለማመንጨት ይገደዳሉ፤ የዚህ ተረፈ ምርት የሆነው ላክቴትም ይጠራቀማል።

አስታማሚ ዓይኑን ሞኒተሩ ላይ ካለው የኦክስጅን ፐርሰንት አይነቅልም። ቁጥሩ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ፕሮቲን፣ ከሄሞግሎቢን፣ ምን ያህሉ በኦክስጅን እንደተሞላ ያሳያል፤ ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም። አንድ ግራም ሄሞግሎቢን ሲሞላ 1.34 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይይዛል። በዴሲ ሊትር 15 ግራም ሄሞግሎቢን ያለው ደም 85 ፐርሰንት ቢሆንም 17 ሚሊ ሊትር ተሸክሟል። 7.5 ግራም ብቻ ያለው ደግሞ 100 ፐርሰንት እያሳየ 10 ሚሊ ሊትር ነው የያዘው። በዚያ ላይ ደሙ በበቂ ፍጥነት መፍሰስ አለበት።

ሳንባን ብቻ በሚያግዘው ኤክሞ 85 ፐርሰንት ማየት የተለመደ ነው። ፓምፑ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ሁሉ አይደርስበትም። ያመለጠው በታመመው ሳንባ አልፎ ከማሽኑ ደም ጋር ይቀላቀላል። ሄሞግሎቢኑና የልብ ሥራው ደህና ከሆኑ ይህ ይበቃል። ትኩሳት ግን ፍላጎቱን በየዲግሪው 10 ፐርሰንት ያህል ስለሚጨምር ሐኪሞች ሰውነቱን ያቀዘቅዛሉ፣ ማስታገሻም ይሰጣሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀላል ነው፤ በሰው ሠራሽ ሳንባው የሚያልፈውን ጋዝ ሲጨምሩት ይወጣል።

ልብንም በሚያግዘው ዓይነት ደሙ ብዙ ጊዜ በብሽሽት ደም ወሳጅ ስር ነው የሚገባው። ልብ አገግሞ ሳንባ ገና ከታመመ፣ ልቡ ኦክስጅን ያነሰው ደም ወደ አንጎል ይረጫል። እግር ላይ ቢለኩ ሁሉም ደህና ይመስላል። ስለዚህ የሚለካው፣ እንደ አንጎል ከልብ የሚወጣው ደም ቀድሞ በሚደርስበት በቀኝ እጅ ላይ ነው። እዚያ ፐርሰንቱ ከወረደ፣ ከማሽኑ ከሚመለሰው ደም ከፊሉ በአንገት ደም መላሽ ስር እንዲገባ ሌላ ቱቦ ይጨመራል።