የምራቅ ዕጢ ዕባጭ በሐረርና በድሬዳዋ፦ ሕክምናውና ከሕክምናው በኋላ ያሉት ዓመታት

በሐረርና በድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ጉንጩን በጫት የወጠረ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ከጆሮ ሥር ብቅ ያለች እብጠት ልብ የሚላት ሳታገኝ ዓመት ሁለት ዓመት ልትቆይ ትችላለች። ብዙ ጊዜ አታምም፣ ትኩሳትም የላትም። ቤተሰብ ካያት ደግሞ «ጆሮ ደግፍ ይሆናል፣ ይጠፋል» ይላል። ጆሮ ደግፍ ግን የሚያምና የሚያተኩስ ሕመም ነው፣ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜም ይለቃል። ወር አልፎት ያልጠፋ እብጠት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ምራቅ የሚያመነጩት ትልልቅ ዕጢዎች ሦስት ጥንድ ናቸው። ከጆሮ ፊት፣ ከመንጋጋ ሥርና ከምላስ ሥር ይገኛሉ። በላንቃ፣ በከንፈርና በጉንጭ ውስጥ ደግሞ ከ600 እስከ 1,000 የሚደርሱ ጥቃቅን ዕጢዎች ተበትነዋል። ዕባጭ አብዝቶ የሚወጣው ከጆሮ ፊት ባለው በፓሮቲድ ዕጢ ላይ ነው። እዚያ ከሚወጡት 80 በመቶ ያህሉ ካንሰር አይደሉም። በመንጋጋ ሥር ካንሰር የመሆኑ ዕድል ወደ ግማሽ ይጠጋል። በምላስ ሥርና በጥቃቅኖቹ ዕጢዎች ላይ ደግሞ ይብሳል። ላንቃ ላይ የወጣች ጠጣር እብጠት «ትንሽ ናት» ተብላ መታለፍ የለባትም የምለው ለዚህ ነው።

ጫት ያመጣዋል ወይ ብለው የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። እስካሁን እንዲያ ተብሎ የተረጋገጠ ነገር የለም። ሲጋራ ግን ዋርቲን ከሚባለው፣ ካንሰር ካልሆነው የፓሮቲድ ዕባጭ ጋር በግልጽ ይያያዛል።

ምርመራው በአልትራሳውንድና በቀጭን መርፌ ናሙና ይጀመራል። እብጠቱን ከላይ ቀዶ «እስቲ እንየው» ማለት ግን ጉዳት አለው፤ የዕባጩ ሴሎች ሊረጩ ይችላሉ። በብረት ማስተኮስም ጊዜ ያባክናል፣ ጠባሳው ደግሞ ኋላ ለሚመጣው ቀዶ ሐኪም ሥራውን ያከብድበታል።

ዋናው ሕክምና ቀዶ ሕክምና ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በፓሮቲድ ዕጢ መሐል የፊት ነርቭ ያልፋል። ነርቩ በአምስት ዋና ዋና ቅርንጫፎች ተከፍሎ ግንባርን፣ የዓይን ቆብን፣ ጉንጭንና ከንፈርን ያንቀሳቅሳል። ቀዶ ሐኪሙ ከጆሮ ፊት ጀምሮ ወደ አንገት ይከፍታል። መጀመሪያ የነርቩን ግንድ ይፈልጋል፣ ከዚያ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ እየተከተለ ዕባጩን ከዙሪያው ጤነኛ ሥጋ ጋር ያወጣል። ታካሚው ሲነቃ «ዓይንህን ጨፍን፣ ጥርስህን አሳይ፣ ግንባርህን ቋጥር» የሚባለው ነርቩ መሥራቱን ለማየት ነው። ለሳምንታት ወይም ለወራት የከንፈር መዛል ማጋጠሙ የተለመደ ነው፣ አብዛኛው ይመለሳል።

ከሁሉም የሚበዛው ዕባጭ ፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ ይባላል። ካንሰር አይደለም፣ ግን ንቀት አይወድም። ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ዕባጩን ብቻ ፈልፍሎ ማውጣት ብዙዎች ላይ እንዲመለስ አድርጓል። ከዙሪያው ሥጋ ጋር በወጉ ሲወጣ የመመለስ ዕድሉ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። የተመለሰ ዕባጭ ብዙ ቦታ ተበትኖ ስለሚወጣ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ነርቩን የበለጠ ያሰጋል። ሳይነካ ለ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆየ ደግሞ ወደ 10 በመቶ በሚጠጋ ዕድል ወደ ካንሰርነት ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በሠለጠነ እጅ ቢሠራ ነው የሚሻለው፣ ሪፈር ተጽፎ መጓዝ ቢጠይቅም።

ካንሰር ከሆኑት የሚበዛው ሙኮኤፒደርሞይድ ነው። የሴሎቹ የክፋት ደረጃ ዝቅተኛ ከሆነ ከአምስት ዓመት በኋላ ከ90 በመቶ በላይ ታካሚዎች በሕይወት አሉ። አዴኖይድ ሲስቲክ የሚባለው ጠባዩ ሌላ ነው። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ነርቭ ተከትሎ ይጓዛል፣ ከአሥር ዓመት በኋላ እንኳ ሳንባ ላይ ሊታይ ይችላል። በአምስት ዓመት ከ70 በመቶ በላይ በሕይወት ይገኛሉ፣ በ15 ዓመት ግን ቁጥሩ ወደ 40 በመቶ ገደማ ይወርዳል። «አምስት ዓመት አለፈኝ፣ ድኛለሁ» የሚለው ስሌት እዚህ አይሠራም።

ደረጃው ከፍ ላለ ወይም ነርቭ ለያዘ ካንሰር ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጨረር ይጨመራል። ከሰኞ እስከ አርብ፣ ለስድስት ሳምንታት ገደማ። ለረጅም ዘመን በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ሥራ ትቶ ወረፋ መጠበቅ ማለት ነበር። ገንዘቡ አልቆበት መሐል ላይ ያቋረጠ ሰው ጥፋተኛ ሊባል አይገባም። አገልግሎቱ ወደ ክልል እንዲወርድ ከተመረጡት ሆስፒታሎች አንዱ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሐረሩ ሕይወት ፋና ነው። ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከድል ጮራ ሆስፒታል ሪፈር ለተጻፈለት ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ጨረሩ አፍ ያደርቃል፣ ጥርስ ያበላሻል። ከመጀመሩ በፊት ጥርስ ሐኪም ጋር መሄድ ያስፈልጋል። በዚህ አካባቢ ጫት በስኳርና በለስላሳ ስለሚወሰድ ምክሩ ከሌላው ቦታ ይልቅ ጥብቅ ነው፤ ጫቱ ራሱ አፍ ያደርቃል፣ ስኳሩ ደግሞ ምራቅ ያነሰውን ጥርስ ቶሎ ይበላል።

ሐኪም ቀድሞ ካልነገራቸው ሰዎችን የሚያስደነግጡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የጆሮ ጫፍ መደንዘዝ ነው። ሴቶች የጆሮ ጌጥ ሲያደርጉ ያስተውሉታል። ሁለተኛው ከወራት በኋላ ይመጣል። በርበሬ የበዛበት ወጥ ሲበላ ወይም ሎሚ ሲመጠጥ በቀዶው በኩል ያለው ጉንጭ በላብ ይርሳል። ፍሬይ ሲንድረም ይባላል። የምራቅ ነርቮች ሲያገግሙ ከላብ ዕጢዎች ጋር ስለሚገናኙ ነው። አደጋ የለውም፣ ካስቸገረም ቦቶክስ የሚባለው መርፌ ለወራት ያስታግሰዋል።

ካንሰር ሆኖ የታከመ ሰው በመጀመሪያው ዓመት በየአንድ እስከ ሦስት ወሩ ይታያል። ከዚያ እየራቀ ይሄዳል፣ ከአምስተኛው ዓመት በኋላ በዓመት አንዴ ይሆናል። አዴኖይድ ሲስቲክ ለነበረበት የሳንባ ምርመራም ይታከልበታል። የፓቶሎጂ ወረቀቱን፣ ማለትም የወጣው ዕባጭ ተመርምሮ ምንነቱ የተጻፈበትን፣ እንደ ቤት ካርታ ማስቀመጥ ይገባል። ከ12 ዓመት በኋላ እብጠት ቢመለስ አዲሱ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።