«ሞተሩን አጥፍተናል» አያድንም፦ ስለ ጀልባና መጠጥ የሚነገሩ ስህተቶች

በጋ በመጣ ቁጥር አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ለልደትና ለምረቃ ጀልባ ይከራያሉ። ቢራውና ጠጁ ከተጫነ በኋላ የማይቀር ክርክር አለ፦ «ሞተሩን አጥፍተናል፤ ታዲያ ማን እየነዳ ነው?»

ይህ አባባል ሰው ያሳስራል። በፌዴራሉ ሕግ ጀልባ መልህቅ ካልጣለ፣ ከዳርቻ ካልታሰረ ወይም መሬት ይዞት ካልቆመ ጉዞ ላይ ነው። ሞተሩ መጥፋቱ ከቁጥር አይገባም። ነፋስ እየገፋው የሚንሳፈፍ ጀልባም ጉዞ ላይ ነው፤ ኃላፊነቱን የያዘው ሰውም ነጂ ነው። የመዝናኛ ጀልባ ነጂ ደም ውስጥ ያለው አልኮል 0.08 በመቶ ከደረሰ እስከ 1 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው። መጠኑ ከዚያ ቢያንስም መስከሩ ከንግግሩና ከእንቅስቃሴው ከታየ ይጠየቃል። ለንግድ በሚሠራ ጀልባ ላይ ወሰኑ 0.04 ነው፤ የመንግሥት ፍተሻ ግዴታ ባለበት የንግድ ጀልባ ደግሞ ሠራተኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባሉት 4 ሰዓታት ምንም መቅመስ አይፈቀድለትም። ስቴቶችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው።

«እንግዲያው መልህቅ ጥለን እንጠጣ» የሚሉ አሉ። መልህቁን አንስቶ ወደ ቤት የሚመልሳችሁ ማን ነው? ሰውነት ደም ውስጥ ካለው አልኮል በሰዓት የሚያስወግደው 0.015 በመቶ ገደማ ነው። 0.10 የደረሰ ሰው ከ0.08 በታች ለመውረድ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ አልኮሉ ከደሙ ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ ደግሞ ከስድስት ሰዓት በላይ። ቡናም ቀዝቃዛ ውሃም አያፈጥነውም። በዚያ ላይ ፀሐዩ፣ ንፋሱ፣ ጫጫታውና ንዝረቱ ሰውን ስለሚያደክሙ ያው መጠን ውሃ ላይ ይበልጥ ያዛባል። ስለዚህ መጠጡ ሳይጫን ነጂውን ምረጡ፤ እሱ ቢታመም የሚተካ ሌላ የማይጠጣ ሰውም ይኑር። ሰው እየዋኘ ሳለ ቁልፉ ከሞተሩ ይውጣ፤ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ሁሉም መሳፈሩ በቁጥር ይረጋገጥ። የሰከረ ነጂ ከኋላ የሚዋኝ ሰው መኖሩን ረስቶ ሞተር ሲያስነሳ የሚቆርጠው ፕሮፔለሩ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው የሞተሩ ምላጭ ነው።

«ካያክ ሞተር የለውም።» የፌዴራሉ ሕግ እንደ ካያክ ያለውን በመቅዘፊያ የሚሄድ ትንሽ ጀልባም ይጨምራል።

«ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ አይሳፈሩብንም።» ኮስት ጋርድ (የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ኃይል) ያለ ትዕዛዝ ተሳፍሮ መፈተሽ ይችላል።

«ጀልባው ስለሚወዛወዝ ምርመራው አይሠራም።» ተቀምጦ የሚደረግ ምርመራ አለ፦ የዓይን እንቅስቃሴ ይታያል፣ ጣት አፍንጫ ላይ ይደረጋል፣ መዳፍ በመዳፍ ይመታል። ምርመራ አልፈልግም ማለትም ማስረጃ ሆኖ ይቀርብባችኋል።

«ጠጅ ቀላል ነው።» ቤት የተጣለ ጠጅ ጥንካሬው አይለካም፣ ጣፋጩም ይሸፍነዋል። በብርሌ ቆጥሮ መጠንን መገመት አይቻልም።

«ተሳፋሪን ሕጉ አይነካውም።» የፌዴራሉ ሕግ ተሳፋሪ እንዳይጠጣ አይከለክልም፤ አንዳንድ ፓርኮችና ሐይቆች ግን ጭራሽ ይከለክላሉ፤ ስለዚህ ሳትከራዩ ጠይቁ። የሰከረ ተሳፋሪ ትንሽ ጀልባ ጠርዝ ላይ ከቆመ ራሱ ይወድቃል ወይም ጀልባውን ይገለብጣል። አልኮል የውስጥ ጆሮን ሚዛን ስለሚያዛባ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ላይና ታቹን ላይለይ ይችላል። የሚጠጣ ሰው ሁሉ የሕይወት አድን ጃኬቱን ከመቀመጫ ሥር አውጥቶ ይልበስ፣ ማሰሪያውንም ይቆልፍ።